ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ድምፁ ይለይ

(የሞተር ጀልባ ላላቸው የጣና ሐይቅ ዳርቻና የደሴት አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ላይ ላዩን ሲታይ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የመካኒክ እንጂ የሰበካ ጉባኤ አይመስልም። የጀልባ ሞተር ከወትሮው የተለየ ድምፅ ቢያሰማ ሰባኬ ወንጌሉን ወይም ሒሳብ ሹሙን ምን አገባቸው? የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ካሉ አጥቢያዎች አንዳንዶቹ በበዓል ቀን ምእመናንን የሚያመላልሱት በጀልባቸው ነው፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ ለሽርሽርና ለጉብኝት ለሚመጡ እንግዶች እያከራዩ ከሚያገኙት ገቢ ጧፍና ዕጣን ይገዛሉ፣ የአብነት ተማሪዎችን ይረዳሉ። እንግዲህ ሞተሩ የአጥቢያው ንብረት ነው፤ የተሳፋሪውም ነፍስ በአጥቢያው ኀላፊነት ሥር ናት። ሞተሩ እንግዳ ድምፅ ባሰማ ጊዜ ጉዞው ይቀጥል ወይስ ይቁም፣ ሞተሩ ይፈታ ወይስ ይመርመር፣ ለመለዋወጫ ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው ይኸው ጉባኤ ነው።

በሥራችን እንደ ታዘብነው፣ አዲስ ድምፅ በተሰማ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደረጋል። አንደኛው፣ «ሲሞቅ ይተወዋል» ተብሎ ጉዞው ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ በማግሥቱ ሞተሩ ከጀልባው ወርዶ ይበታተናል። ሦስተኛው፣ በግምት አንድ መለዋወጫ ይገዛል፤ እርሱ ካልፈወሰው ሌላ ይገዛል። ሦስቱም መንገዶች የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በመስማትና በመፍታት መካከል ሊኖር የሚገባው ምርመራ ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ ከመፍታትም መለየት ይቅደም እንላለን። ይህ ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሥርዓት፣ ጥቂት ጊዜና አንድ ደብተር ይበቁታል።

ድምፅ ምልክት እንጂ የሕመሙ ስም አይደለም

ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ራሴን ያመኛል» የሚል ሰው የሕመሙን ምልክት እንጂ ስሙን አልተናገረም። ሞተርም እንዲሁ ነው። «ኳ ኳ ይላል» ማለት ምልክት ነው። ኳኳታው ከፒስተን፣ ከማርሽ ሳጥን፣ ከተጎዳ ፕሮፔለር ወይም ሞተሩን ከጀልባው ጀርባ ጋር ከሚያጣብቀው የላላ ቡሎን ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው በአንድ መፍቻ በ5 ደቂቃ ይስተካከላል። ሁለቱን ያልለየ ሰው ወይ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፣ ወይ ነፍስን ለአደጋ ያጋልጣል።

ጆሮ ብቻውን የድምፁን ቦታ ለመናገር የማይችልበት ምክንያት አለው። ብረት ድምፅን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስተላልፋል፤ የጀልባውም አካል ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ያስተጋባዋል። ስለዚህ ከታች ከፕሮፔለሩ የተነሣው ጩኸት ከላይ ከሞተሩ ራስ የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጆሮ የማይሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ለውጥ ነው። በማኅሌት ያደጋችሁ አባቶች ከብዙ ጸናጽል መካከል አንዱ ከምቱ ቢወጣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ጀልባውን ዘወትር የሚነዳው ሰውም የሞተሩን የዕለት ድምፅ እንዲሁ ያውቀዋል። «ዛሬ ድምፁ ተለውጧል» ሲል ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ቃሉ እንደ ምስክርነት ሊያዝለት ይገባል።

አምስቱ ጥያቄዎች

መፍቻ ከመነሣቱ በፊት አምስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ መልሳቸውም ይጻፍ።

1. ድምፁ መቼ ይሰማል? ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? በነዳጅ መስጫው አቀማመጥ ዝቅተኛ ዙር ላይ፣ በመካከለኛው ወይስ በከፍተኛው?

2. ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው ወይስ ሳይገባም ይሰማል? ከአምስቱ ጥያቄዎች ብዙ የሚገልጠው ይህ ነው። ማርሽ ሳይገባ የሚሰማ ድምፅ ምንጩ በአብዛኛው ከላይ ከሞተሩ ነው። ማርሽ ሲገባ ብቻ የሚነሣው ደግሞ ከታች ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከፕሮፔለሩና ከዘንጉ ነው ማለት ይቻላል።

3. ምቱ ከዙሩ ጋር ይፈጥናል? ሞተሩ ሲፈጥን የሚፈጥን፣ ሲዘገይም የሚዘገይ ድምፅ ከሚሽከረከር ነገር የመጣ ነው። ዙሩ ምንም ቢሆን የማይለወጥ ወይም እንዳሻው የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ከላላ ክዳን፣ ከጀልባው ወለል ወይም ከነዳጅ ጋን ሊሆን ይችላል።

4. ጭነት ይለውጠዋል? ጀልባው ባዶ ሳለ የማይሰማው፣ 10 ሰው ሲሳፈር የሚሰማው ድምፅ ከኀይል ጋር የተያያዘ ነው።

5. ከድምፁ በፊት ምን ተደረገ? ነዳጅ ተቀየረ? ዘይት ተጨመረ? ፕሮፔለሩ ድንጋይ ነካ? ጀልባው በእምቦጭ ወይም በዓሣ መረብ ላይ አለፈ? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው በዚህ በአምስተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከሚታየው ወደ ማይታየው ይሂድ።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ይታይ። የማያያዣ ቡሎኖቹ ጠብቀዋል? የሞተሩ ክዳን በሚገባ ተቈልፏል? የፕሮፔለሩ ክንፎች ተጣምመዋል ወይስ ተሸራርፈዋል? ፕሮፔለሩ በእጅ ሲወዛወዝ ይላላል? ከኋላው ክር ወይም ሣር ተጠምጥሟል? ይህን የሚያደርገው ሰው አስቀድሞ ቁልፉን አውጥቶ በኪሱ ይያዝ፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሞተሩን እንዳያስነሣበት።

ቀጥሎ ነዳጁ ይታይ። ከነዳጅ ማጣሪያው ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ይቀዳና ይቀመጥ፤ ውኃ ካለበት ውኃው ከታች ይዘቅጣል። ደግሞም በተንቀሳቃሽ የነዳጅ ጋን ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ብሎን ተከፍታ እንደ ሆነ ይረጋገጥ። እርሷ ከተዘጋች ሞተሩ በደኅና ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማሳልና መንተባተብ ይጀምራል፤ በእጅ የሚጨመቀው የነዳጅ ጎማም ወደ ውስጥ ይሟሽሻል። ይህን ባለማየት ካርቡራተር የሚፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጀልባው ከወደቡ በገመድ ታስሮ ሞተሩ ይነሣ። የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያው ከሐይቁ ውኃ በታች መሆኑ ይረጋገጥ፤ ሞተር በደረቅ መነሣት የለበትም፤ የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ በአጭር ጊዜ ይቃጠላልና። ማርሽ ሳይገባ በዝቅተኛ ዙር ይደመጥ፤ ከዚያ በመጠኑ ከፍ ይበል። ማርሽ ሳይገባ ግን ነዳጅ እስከ መጨረሻው አይሰጥ፤ የሚይዘው ጭነት ስለሌለ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። በመቀጠል በውኃው ውስጥም በአጠገቡም ሰው አለመኖሩ ታይቶ ማርሽ ይግባና በዝቅተኛ ዙር ይደመጥ።

ድምፁን ወደ ቦታው ለማቅረብ ረጅም ካቻቢቴ ይረዳል። ጫፉን በሞተሩ አካል ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮ አጠገብ ወዳለው አጥንት ማስጠጋት ነው፤ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ለምንጩ ቅርብ ነው። ነገር ግን ከሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት፣ ልብስ ይጎትታል። ስለዚህ ነጠላ፣ ጥምጣምና ሰፊ ቀሚስ ለብሶ ክዳኑ በተከፈተ ሞተር ላይ ማጎንበስ ክልክል ይሁን።

በመጨረሻ ከዳርቻ ሳይርቁ፣ ተሳፋሪ ሳይጭኑ፣ በሐይቁ ላይ ይሞከር። በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን ቀንሶ ማርሹን ማውጣት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ድምፁ ከማርሹ ጋር አብሮ ከጠፋ ምንጩ ከታች ነው፤ ካልጠፋ ከላይ ነው።

ድምፆቹና ምንጫቸው

አሁን የየድምፁን ጠባይ እንመልከት።

ከሞተሩ ራስ የሚሰማ ቀላልና ፈጣን «ጠቅ ጠቅ» በአራት ምት ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የቫልቮች ክፍተት መስፋቱን ወይም ዘይት ማነሱን ያመለክታል። የቫልቭ ምት ከክራንክሻፍቱ ዙር ግማሽ ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር አንዱ ቫልቭ 400 ጊዜ፣ ማለት በሴኮንድ ከ6 እስከ 7 ጊዜ ይመታል። አስቀድሞ ዘይቱ ይለካ፤ ካነሰ ይሞላና እንደገና ይደመጥ።

ከጥልቅ የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ጭነት ሲበዛ የሚበረታ፣ መዶሻ በወፍራም ብረት ላይ የሚመታ የሚመስል «ዱብ ዱብ» ከሁሉ የከፋው ነው። ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ኩሽኔታው መበላቱን ሊያመለክት ይችላል። ይህን የሰማ ነጂ ወደብ እስኪደርስ አይጠብቅ፤ ወዲያው ያጥፋ። ዘንጉ ከተሰበረ የሞተሩን ግድግዳ ሊቀድድ ይችላልና፤ ያን ጊዜ የሚጠገን ነገር አይተርፍም።

ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ፣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንገጫገጭ ያለ ስል ድምፅ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ያለ ሥርዓቱ መቀጣጠሉን ያሳያል። መንሥኤው የሞተር ሙቀት መብዛት፣ የብልጭታው ጊዜ መዛባት፣ የጥላሸት መከማቸት ወይም የነዳጅ ጥራት ጉድለት ሊሆን ይችላል። በሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር በልክ ካልተቀላቀለ ፒስተኑ ይደርቃል፣ ይቧጨራል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። በብዙዎቹ ሞተሮች ልኩ 50 ለ1 ነው፤ ይኸውም ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ ሌላ ልክ ካዘዘ የሚጸናው የመመሪያው ነው። ልኩ በግምት ሳይሆን በመስፈሪያ ይሁን።

ሞተሩ በድንገት ሲጮኽ፣ ዙሩም ሲጨምር፣ ጀልባው ግን ፍጥነት ካጣ፣ ሁለት ነገሮች ይጠርጠሩ። ፕሮፔለሩ ከውኃ ይልቅ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በኃይለኛ መታጠፍ ጊዜ፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ወይም ሣር ሲጠመጠምበት ይከሰታል። አለዚያም በፕሮፔለሩ መካከል ያለው የጎማ እምብርት ከዘንጉ ጋር መያዙን አቁሞ እየተንሸራተተ ነው። የኋለኛው ምልክቱ ቀስ ሲሉ መጓዙ፣ ነዳጅ ሲጨምሩ ግን መንሸራተቱ ነው። እንዲህ ያለው ጀልባ በዝግታ ወደ ዳርቻ ሊመለስ ይችላል።

ማርሽ ሲገባ የሚሰማ «ግርርር» የሚል የመፋጨት ድምፅ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ይመራናል። ማርሹ ሲገባ አንድ ጊዜ «ቋ» ማለቱ ግን የተለመደ ነው፤ ሊያስደነግጥ አይገባም። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት በታችኛው ብሎን በኩል ጥቂት ይንጠብና ይታይ። ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ይህም የዘንጉ ፓራኦሊዮ መጎዳቱን ይናገራል። በብሎኑ ጫፍ ላይ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ የማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው።

ድምፅ ሳይሆን ንዝረት ከሆነ፣ ማርሽ ሲገባም የሚጀምር ከሆነ፣ የተጣመመ የፕሮፔለር ክንፍ ይጠርጠር። በብዙ የጀልባ ሞተሮች ፕሮፔለሩ የሚዞረው ከሞተሩ ግማሽ በሚያህል ፍጥነት ስለሆነ፣ ንዝረቱ ከሞተሩ ምት ይልቅ ረገብ ያለ ሆኖ ይሰማል።

የድምፁን ምስክርነት ካንዴላዎቹ ያጸኑታል። ሞተሩ ጠፍቶ ይውጡና ጎን ለጎን ይደርደሩ። ቡናማ መልክ ያለው ካንዴላ ጤናማ ነው። ጥቁርና እርጥብ የሆነው ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቶበታል፣ አለዚያም አላቀጣጠለም። ነጭ ሆኖ የተኰማተረው ከልክ ያለፈ ሙቀት አይቷል። አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ በዚያው ሲሊንደር ነው ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላን ሽቦ በእጅ መንቀል ግን በከፍተኛ ቮልቴጅ ምክንያት አደገኛ ስለሆነ አይሞከር።

የጣና ልዩ ሁኔታ

በአምራቹ መመሪያ ውስጥ የማይገኙ፣ በእኛ ሐይቅ ግን የዕለት ጉዳይ የሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ የሚታወቀው ይህ አረም የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ፕሮፔለሩንም ይጠመጥማል። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ስለሆነ ወንፊቱ ሲደፈን ሙቀቱ በፍጥነት ያድጋል። ይህን ቀድማ የምትናገር ምልክት ከሞተሩ ጎን የምትወጣው ቀጭን የውኃ ጅረት ናት። ነጂው በየጥቂት ደቂቃው ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ይያት። ከቀጠነች ወይም ከቆመች፣ ድምፁ ገና ባይለወጥም ሞተሩ ይጥፋ፣ ወደ ላይ ይነሣ፣ ወንፊቱም ይጽዳ። ከጸዳም በኋላ ካልወጣች የፓምፑ የጎማ ክንፍ ይመርመር። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ባለ ካርቡራተር ሞተር እዚህ ሲሠራ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ኀይሉም ይቀንሳል፣ ድምፁም የታፈነ ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በካርቡራተር ማስተካከያና ለከፍታው በሚስማማ ፕሮፔለር ይታረማል። ሊታወቅ የሚገባው ግን፣ ከፍታ የጠጠር መሰሉን ድምፅ ይቀንሰዋል እንጂ አያብሰውም። ስለዚህ በጣና ላይ ያ ድምፅ ከተሰማ «የአየሩ ጠባይ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ሙቀቱ፣ የብልጭታው ጊዜና ጥላሸቱ ይመርመሩ።

አንድ ምሳሌ

ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ የሚያደርስ የአንድ አጥቢያ ጀልባ «ዝዝዝ» የሚል፣ ቀን በቀን የሚጨምር ድምፅ ማሰማት ጀመረ። የተጠራው ባለሙያ ድምፁን ከላይ ሰምቶ «ሞተሩ ይከፈት፤ የክራንክሻፍቱ ኩሽኔታ አልቋል» አለ። ጉባኤው ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሊመድብ በተሰበሰበበት ጊዜ አንድ አባት «ማርሽ ሳይገባስ ይጮኻል?» ብለው ጠየቁ። ነጂው «የለም፣ ያን ጊዜ ጸጥ ይላል» አለ። ይህች አንዲት መልስ የጉባኤውን ውሳኔ ለወጠችው።

ጀልባው ወደ ዳር ወጥቶ ፕሮፔለሩ ሲነቀል ከኋላው በዘንጉ ላይ የዓሣ መረብ የናይሎን ክር ተጠምጥሞ ተገኘ። ክሩ ፓራኦሊዮውን ቆርጦታል፤ ውኃ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ገብቷል፤ ዘይቱም ነጥቷል፤ የዘንጉ ኩሽኔታ መበላት ጀምሯል። ፓራኦሊዮው፣ ኩሽኔታውና ዘይቱ ተቀየሩ፤ ድምፁም ጠፋ። ሞተሩ አልተከፈተም። ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ በጤናማው ክፍል ላይ ጓርኒሲዮንና የሥራ ዋጋ ይወጣ ነበር፤ ውኃው ግን ከታች ማርሹን መብላቱን አያቆምም። ባለሙያው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የቀረበለት መረጃ «ይጮኻል» የሚለው ብቻ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለሞተርም ይሠራል፤ ምልክቱን በሙሉ ያልተናገረ ጉባኤም ትክክለኛ ጥገና ሊጠብቅ አይችልም።

መቼ ይቆማል?

ነጂው በሐይቁ መካከል ሆኖ ረጅም ምርመራ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ድምፆቹን በሦስት መደብ ከፍሎ መያዝ ይጠቅመዋል።

ወዲያው የሚያስቆሙ፦ ጥልቅ የብረት ዱብዱብታ፣ የማቀዝቀዣ ውኃ መቆም፣ የሙቀት ወይም የዘይት ማስጠንቀቂያ ጩኸት፣ የመቃጠል ሽታ ወይም የነዳጅ መፍሰስ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ይጥፋ፣ መልሕቅ ይጣል፣ መቅዘፊያ ይውጣ፣ በስልክም ርዳታ ይጠራ። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ያህል ነው። መልሕቅ የሚይዘው ገመዱ ከጥልቀቱ 5 እጥፍ ያህል ሲረዝም ስለሆነ፣ 40 ሜትር ገመድ የያዘ ጀልባ በአብዛኛው የሐይቁ ክፍል ነፋስ ሳይወስደው ሊቆም ይችላል።

በዝግታ ወደ ቅርቡ ወደብ የሚመልሱ፦ የፕሮፔለር መንሸራተት፣ አዲስ ንዝረት፣ የማርሽ ሳጥን መፋጨት፣ የነዳጅ መንተባተብ። ተሳፋሪ ካለ ወደ መዳረሻው ሳይሆን ወደ ቅርቡ ዳርቻ ይሂድ። በተለይ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ጠዋት በቀላሉ የሚታለፍ ጉድለት ከሰዓት በኋላ አደጋ ይሆናል።

ተመዝግበው የሚጠበቁ፦ ቀላል የቫልቭ ጠቅታ፣ የክዳን መንቀጥቀጥ፣ ማርሽ ሳይገባ በዝቅተኛ ዙር የሚሰማ መጠነኛ መንኳኳት። እነዚህ ጉዞ አያስቀሩም፤ ነገር ግን ቀናቸው ይጻፍ፣ መጨመር አለመጨመራቸውም ይታይ።

ከጉባኤው የሚጠበቅ ውሳኔ

የምርመራው ሥራ የነጂው ቢሆንም እርሱን የሚያጸና ውሳኔ የእናንተ ነው። አራት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ እንድታጸኑ እንለምናለን።

የመጀመሪያው የማቆም ሥልጣን ነው። በበዓል ዋዜማ ወደቡ በሕዝብ በተሞላ ጊዜ፣ ወይም የከፈሉ እንግዶች ተቀምጠው በሚጠብቁበት ሰዓት «ድምፁ አላማረኝምና አልሄድም» ማለት ለአንድ ወጣት ነጂ ከባድ ነው። አለቃው ያዝዙታል፣ ምእመናን ያጉረመርማሉ፣ ገቢውም ይቀራል። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚጸናው የነጂው ቃል መሆኑ አስቀድሞ ይወሰን፤ በዚህም ምክንያት ደመወዙ እንዳይነካ ይጻፍለት። ነጂው በሐሰት ሰግቶ ቢሆን የሚጠፋው የአንድ ቀን ገቢ ነው፤ በእውነት ሰግቶ ሳለ ተገድዶ ቢሄድ የሚጠፋውን ግን ማንም ሊተካው አይችልም። ለዚህ ውሳኔ ዛሬ፣ ሐይቁም ሰዉም ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ እጃችሁን ብታነሡ በዚያ ቀን ክርክር አይኖርም።

ሁለተኛው ደብተር ነው። በጀልባው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብተር ይኑር። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የተቀዳው ነዳጅና ዘይት፣ የተሰማው ድምፅና የተለወጠው ዕቃ በየቀኑ ይመዝገብ። ወደ መካኒክ ሲኬድ የሚነገረው ይህ የተመዘገበው ይሁን፤ የተገመተው አይሁን። «ማርሽ ሲገባ፣ በመካከለኛ ዙር፣ ከሞቀ በኋላ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ዝዝዝ ይላል» የሚል አንድ መስመር መካኒኩን በቀጥታ ወደ ቦታው ይመራዋል። የሚቀየር ዕቃ ካለም አሮጌው ለጉባኤው ተመልሶ ይታይ።

ሦስተኛው የጥገና ገንዘብ ነው። ከየጉዞው ገቢ ጥቂት ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ። በየ100 የሥራ ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ይቀየር፣ ካንዴላዎቹ ይታዩ፣ ከፕሮፔለሩ ኋላ ክር አለመኖሩም ይረጋገጥ። የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ በየዓመቱ ይመርመር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

አራተኛው በጀልባው ውስጥ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ይኸውም መለዋወጫ ካንዴላ፣ መፍቻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ መልሕቅ ከነገመዱ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ የውኃ መቅጃ፣ የተሞላ ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪም አንድ የሕይወት አድን ጃኬት። ነጂውም ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ዘወትር በእጁ አንጓ ላይ ይሰር፤ ከመቀመጫው ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋልና።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፣ ከእናንተ የጀልባ መካኒክነትን አንጠብቅም። የምንጠብቀው፣ «ሞተሩ ይጮኻል» የሚል ቃል ወደ ጉባኤው በመጣ ጊዜ ገንዘብ ከመመደባችሁ በፊት «መቼ? ማርሽ ገብቶ ወይስ ሳይገባ? ከዚያ በፊት ምን ሆነ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ጉባኤ ገንዘቡንም ሰዉንም ይጠብቃል። ከዚህ ንግግር በኋላ በወደቡ ላይ ሁለት ጀልባዎች ታስረው ይጠብቁናል። በየተራ እየቀረባችሁ ማርሽ ሲገባና ሳይገባ የሚሰማውን ልዩነት በጆሯችሁ እንድትሰሙ፣ የውኃዋንም ጅረት በዓይናችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን፤ ነጠላችሁን ግን አጣፍታችሁ ኑ።



ወስብሐት ለእግዚአብሔር።